ለጥያቄዎቻችሁ መልስ፦ የራሱን ድምፅ የሚፈልግ የድሬዳዋ ሮክ ባንድ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። በድሬዳዋ ተወልደን ያደግን አምስት ወጣቶች ነን። ሜሎዲክ ሃርድ ሮክ የሚባለውን፣ ማለትም ከባድ ጊታርና ቶሎ የሚያዝ ዜማ የሚጣመሩበትን ሙዚቃ እንጫወታለን። እስካሁን የሌሎችን ሥራዎች፣ በተለይም የስኮርፒየንስንና የጆርኒን ስንጫወት ቆይተናል፤ ሰውም ወዶልናል። የራሳችንን ዘፈን በአማርኛ ስንሠራ ግን ግማሹ የፈረንጅ፣ ግማሹ የባህል ይሆንና አልዋሐድ ይለናል። ሊድ ጊታር ተጫዋቻችን ድምፁ ይክበድ ይላል፣ ኪቦርድ ተጫዋቻችን ይለስልስ ይላል። ድምፃዊያችን ደግሞ የዓሊ ቢራን ዜማዎች እየሰማ ስላደገ ሁልጊዜ ወደዚያ ይሄድብናል። የራሳችንን ድምፅ እንዴት እናግኝ? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሦስቱ መካከል ፍረድ ብትሉኝ ለድምፃዊያችሁ እፈርዳለሁ። ሜሎዲክ ሃርድ ሮክ በጊታር ክብደት ቢታወቅም የሚቆመው በዜማው ላይ ነው፤ ዜማውን ለሰው የሚያደርሰው ደግሞ ጉሮሮ እንጂ አምፕሊፋየር አይደለም። እናንተው የምትጫወቱት ጆርኒ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1973 በሳን ፍራንሲስኮ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል ከካርሎስ ሳንታና ባንድ የወጡ፣ በመሣሪያቸው የተካኑ ተጫዋቾች ነበሩበት፤ ሆኖም ረጃጅም የመሣሪያ ጨዋታ የበዛባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት አልበሞች ገበያ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ1977 ስቲቭ ፔሪ የተባለው ድምፃዊ ሲቀላቀላቸው ግን የጊታሩም የኪቦርዱም ሥራ የእሱን ድምፅ መሸከም ሆነ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የጆርኒ ድምፅም የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ተጫዋቾቹ ቀድሞም ችሎታ አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ያን ሁሉ ችሎታ የሚመራ ዜማ ነበር።

ድምፃዊያችን ወደ ዓሊ ቢራ ይሄድብናል ብላችሁ እንደ ጉድለት ጽፋችኋል፤ ለእኔ ግን ከባንዳችሁ ሀብት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ዓሊ ቢራ ኡድም ጊታርም የተጫወተ፣ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛም የዘፈነ የድሬዳዋ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቀላቀለው አፍረን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድንም የኦሮምኛን ዘፈን በዘመናዊ መሣሪያ በማጀብ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ሲሆን የተመሠረተው እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣን መሣሪያ ለአገር ዜማ ማስገዛት በድሬዳዋ የቆየ ሥራ ነው፤ እናንተ የምትጨምሩበት የጊታሩን ክብደት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ አለመዋሐድ ወዳላችሁት ነገር እንግባ። ሮክ ከብሉዝ የወረሰው ዋነኛ ስኬል፣ ማለትም የኖታዎች መሰላል፣ አምስት ኖታዎች ያሉት ነው፤ ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ሲ ፍላት ይሆናል (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። ይህ ባቲ ማይነር ብለን የምንጠራው ቅኝት ራሱ ነው። ጊታር ተጫዋቻችሁ የሮክ ሶሎ ሲለማመድ ጣቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመላለሱት በባቲ ኖታዎች ላይ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው በአካሄዱ ላይ ነው፤ ሐረጉ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ኖታ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚንሸራተት ድምፃዊያችሁ ያውቃል። ጊታር ተጫዋቹ ለተወሰነ ጊዜ የፈረንጅ ሶሎ መቅዳቱን ትቶ፣ ድምፃዊው ያለ ምንም አጀብ የሚያንጎራጉረውን ዜማ እስትንፋሱ ሳይቀር በጊታር ይከተል። የባንዱ መለያ የሚሆነው ሪፍ፣ ማለትም ተደጋጋሚው አጭር የጊታር ሐረግ፣ ከዚያ ልምምድ መውጣቱ አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

አጀቡን በተመለከተ፣ አብዛኛው ግጭት የሚመጣው ከኮርድ፣ ማለትም አብረው ከሚመቱ ኖታዎች ነው። ጊታር ድምፁን ሆን ብሎ በሚያሻክረው በዲስቶርሽን ሲያልፍ አብረው የተመቱ ኖታዎች እርስ በርስ እየተቀላቀሉ ተጫዋቹ ያልመታቸውን ተጨማሪ ድምፆች ይፈጥራሉ። ዶ እና ሶል ብቻ ሲመቱ ተጨማሪዎቹ ድምፆች ከሁለቱ ጋር ይስማማሉ፤ ሚ ሲገባበት ግን ድምፁ ይደፈርሳል። ሃርድ ሮክ ፓወር ኮርድ የሚባለውን፣ መነሻውንና አምስተኛውን (ከዶ እስከ ሶል ያለውን ርቀት ያህል ከፍ የሚለውን ኖታ) ብቻ የያዘውን ኮርድ አጥብቆ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ለቅኝቶቻችን ትልቅ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም በአምስት ኖታ ቅኝት ውስጥ ሙሉ ኮርድ ልሥራ ያለ ሰው ቅኝቱ የማያውቀውን ኖታ ለመጨመር ይገደዳል። በባቲ ማይነር ላይ በዶ፣ በሚ ፍላት፣ በፋ እና በሲ ፍላት የሚነሡ አራት ፓወር ኮርዶች ከቅኝቱ ሳይወጡ ይገኛሉ፤ በትዝታ ሜጀርም እንዲሁ አራት አሉ። አምባሰል ሦስት ይሰጣችኋል። አንቺሆዬ ግን ከመነሻው ኖታ አምስተኛው ስለሌለው መነሻው ላይ ፓወር ኮርድ አይቀበልም፤ በእሱ መሥራት ከፈለጋችሁ ጊታሩና ቤዙ ዜማውን አብረው በአንድ ድምፅ ይጫወቱት። ኪቦርድ ተጫዋቻችሁም ይህን ልብ ይበል፤ በባቲ ማይነር ሦስት ኖታ ያለው ሙሉ ኮርድ ከቅኝቱ ሳይወጣ የሚያገኘው በዶ እና በሚ ፍላት ላይ ብቻ ነው። በሌሎቹ ቦታዎች ሁለት ኖታ ይዞ ቢቆይ የሚፈልገው ልስላሴ ይገኛል፣ የጊታሩም ክብደት አይነካም። እናንተ የጠብ ምክንያት ያደረጋችሁት ክብደትና ልስላሴ በዚህ መንገድ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ሁለት ጊታር ካላችሁ ደግሞ ከዚህ የሚልቅ ነገር አለ። የደብሊኑ ቲን ሊዚ ሁለት ሊድ ጊታሮችን አንድ ዜማ በተለያየ ከፍታ እያጫወተ ዝናን ያተረፈ ባንድ ነው፤ በዚያ ስልት ሁለተኛው ጊታር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ሦስተኛ በሚባለው ርቀት (መነሻውን ጨምሮ ሲቆጠር በሦስተኛው ኖታ ላይ) ከፍ ብሎ ይሄዳል። እናንተ ግን ይህንኑ ከባቲ ወይም ከትዝታ ኖታዎች ሳትወጡ፣ በመካከል አንድ ኖታ እየዘለላችሁ ብትሠሩት ርቀቱ በአንድ ቦታ ብቻ ሦስተኛ፣ በአራቱ ቦታዎች አራተኛ ይሆናል። ያ ድምፅ ጠንከር ያለ፣ ክፍት እና ከአውሮፓውያኑ የተለየ ነው። የራሳችን የምትሉት ድምፅ ከየትኛውም ቦታ በፊት እዚህ የሚገኝ ይመስለኛል፤ እባካችሁ ሞክሩት።

አዝማቹንም አትርሱ። ሜሎዲክ ሃርድ ሮክን ተወዳጅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ አዝማቹ ሲደርስ ባንዱ በሙሉ በአንድነት መዝፈኑ ነው፤ ዴፍ ሌፐርድ የተባለው የሼፊልድ ባንድ የተቀባዮቹን ድምፅ ደጋግሞ እየቀዳና እየደራረበ አዝማቹን እንደ ትልቅ ሕዝብ ድምፅ ያሰማ ነበር። ለእኛ አውራጅና ተቀባይ ባዕድ አይደለም፤ በሐረርጌ የሸጎዬ ጨዋታ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጃኖ ባንድም እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ሮክን ከአገር ቅኝት ጋር ሲያጋባ ወንዶችና ሴቶች ድምፃውያንን እያቀባበለ ነው የሠራው። እናንተ አምስታችሁም ካልዘፈናችሁ አዝማቹ ባዶ ይሆናል።

አንድ የምቃወመው ነገር አለ። ዘፈኑን በክራር ወይም በማሲንቆ ጀምሮ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተራ የሆነ የውጭ ሮክ ውስጥ መግባት ለባህሉም ለሮኩም ክብር አይሰጥም፤ ቅኝቱ በከባዱ ጊታር ውስጥ እስከ መጨረሻው ካልተሰማ መግቢያው ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በምቱም ቢሆን ሁሉንም በአራት አራተኛ አትቸንክሩት፤ ችክችካው የሚሄድበትን ስድስት ስምንተኛ ድራሙ ከብዶ ሲመታው በጣም ያምርበታል፣ የሶማሌው የዳንቶ ጭፈራ ምትም በከተማችሁ በየሰርጉ ስለሚሰማ ቤዝ ተጫዋቻችሁ ሊማርበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ በአንድ ሮክ ባንድ ውስጥ ድራም ይመታል፤ የሚለማመዱት ከቤታችን ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ለጎረቤት ብለው በሩን ዘግተው ይጫወታሉ፤ ማታ ላይ ጆሮዬ ይጮኻል ይለኛል። ከሚወደው ነገር ላስቀረው አልፈልግም። እንዲህ ያለው ሙዚቃ የግድ በዚህ ጩኸት መሠራት አለበት? (እናት፣ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ የግድ አይደለም፤ ሥጋትዎም ተገቢ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ያወጣው መመሪያ 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ ይመክራል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 94 ዴሲቤል ሲደርስ 1 ሰዓት፣ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ የሚመታ ድራም ደግሞ ከ100 ማለፉ የተለመደ ነው። የጆሮ ጩኸት የጉዳት ምልክት ነው፤ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ልጅዎ ሲለማመድ የጆሮ መሰኪያ ያድርግ፣ በየመካከሉ ከክፍሉ ወጥቶ ጆሮውን ያሳርፍ፤ ጩኸቱ አልለቅ ካለው ደግሞ ሐኪም ይየው።

ለልጅዎና ለጓደኞቹ ይህን ጨምረው ይንገሩልኝ፦ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ለባንዱ ራሱ ይጠቅማል። ድራሙ ክፍሉን ሲሞላው ጊታሩ ይጨመራል፣ ጊታሩ ሲጨመር ድምፃዊው ይጮኻል፤ በመጨረሻ ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ ድራሙን ለስለስ ባሉ ዘንጎች እየመቱ፣ ጊታሩ ያለ ማይክ ከሚዘፍነው ሰው ድምፅ እንዳይበልጥ አድርገው ቢለማመዱ የዘፈኑ ጉድለት ሁሉ ይሰማቸዋል። ዝቅ ተደርጎ ሲጫወት ዜማው የማይይዝ ዘፈን ሲጮኽም አይይዝም። በተዘጋው ክፍል ሙቀት የጊታር ክሮች እየላሉ ስለሚወርዱም ከመጀመራቸው በፊት ብቻ ሳይሆን በየዘፈኑ መካከል ይቃኙ።

ጥያቄ፦ እኛም በሐረር ሮክ የምንጫወት ጓደኛሞች ነን፤ የራሳችን የሆኑ ጥቂት ዘፈኖች አሉን። ገንዘብ አጠራቅመን አዲስ አበባ ስቱዲዮ እንግባ ወይስ በቤታችን እንቅዳ? (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ አሁን በቤታችሁ ቅዱ። ጊታር ተጫዋቹ ቶም ሾልዝ በፖላሮይድ ኩባንያ መሐንዲስ ሆኖ እየሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን የቦስተን ባንድ የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን ክፍል የቀዳው በቤቱ ምድር ቤት ነው፤ የባንዱ መለያ የሆነው የተደራረበ የጊታር ድምፅም የተገኘው በዚያ ክፍል በተደረገ የዓመታት ሙከራ ነው። ስቱዲዮ በሰዓት እየተከፈለበት ሙከራ አይደረግም፤ እዚያ የሚገባው የሚቀዳውን አውቆ የጨረሰ ባንድ ነው። በመጀመሪያ ድራምና ቤዙን አብራችሁ ቅዱ። ቀጥሎ አንዱን ጊታር ሁለት ጊዜ ተጫውታችሁ አንዱን ቅጂ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አድርጉት፤ ከባድ የሚመስለን የጊታር ድምፅ በአብዛኛው የሚገኘው ከዚህ እንጂ ዲስቶርሽኑን ከማብዛት አይደለም፣ እንዲያውም ሲደራረብ ዲስቶርሽኑን መቀነስ ይበጃል። ኪቦርዱን ከዚያ በኋላ አስገቡት፣ ድምፃዊውን ደግሞ ጉሮሮው ባልደከመበት ቀን ለብቻው ቅዱት፤ የተቀባዮቹን ድምፅ በመጨረሻ ሁላችሁም በአንድ ማይክ ዙሪያ ቆማችሁ ሦስትና አራት ጊዜ ደራርቡት።