ባሕር ዳር ላይ ልጄን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ላስገባው ወይ? ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ልትዘዋወሪ ነው፤ ልጅሽ ለመስከረም 3ኛ ክፍል ይገባል። ሰው ሁሉ «ካቶሊክ አስገቢው፣ ሥነ ሥርዓት ያስይዙታል» ይልሻል። አንቺ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነሽና «ሃይማኖቱን ያስለውጡብኝ ይሆን?» ብለሽ ሰግተሻል። የጸጥታውም ነገር አሳስቦሻል። የእኔ ልጆች የሚማሩት እዚሁ ከተማ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። ትልቋ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምራ 6ኛ ክፍል ደርሳለች። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ያየሁትን ግን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሃይማኖቱን። እኛም ኦርቶዶክስ ነን። ልጆቼ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ማንም ምንም ብሏቸው አያውቅም። ክፍላቸው ውስጥ አብዛኛው ልጅ ኦርቶዶክስ ነው፤ ሙስሊሞችም አሉ፤ ካቶሊኮቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጣል ይላል። ጠዋት ሰልፍ አለ፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ ከዚያ ሁሉም በየሃይማኖቱ ለአንድ አፍታ በልቡ ይጸልያል። ይኸው ነው።

ልጆቹን ስናስመዘግብ አንድ የሰፈራችን አዛውንት «የሱስንዮስን ዘመን ረሳችሁት እንዴ?» ብለውን ነበር፤ ካቶሊክን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ አገር ደም የተፋሰሰበትን ንጉሥ ማለታቸው ነው። አልፈረድኩባቸውም። ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ላይ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የዚያን ጊዜ የካቶሊክ ሚስዮናውያን የሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽ ዛሬም አለ፤ ጣና ዳር ያደገ ሰው ያንን ታሪክ ሲሰማ ነው ያደገው። ግን ያ ነገር 400 ዓመት ገደማ ሆኖታል። እዚህ ያሉት ካቶሊኮች ቅዳሴያቸው እንደ እኛው በግዕዝ ሥርዓት ነው። የካቶሊኮቹ የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት እንኳ ራሱን ችሎ የተቋቋመው በቅርቡ፣ በ2007 ዓ.ም. ነው። ከጎረቤት ጋር ተዋደው የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው።

በዐቢይ ጾም ምሳ ሰዓት ላይ ብትመጪ የበለጠ ይገባሻል። ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። የአንዱ ሽሮ ፍርፍር ነው፣ የሌላዋ ድንች በዳቦ። የማይጾም ልጅ እንቁላል ካመጣ መምህሯ ጠጋ ብላ ለብቻው እንዲበላ ቦታ ታበጅለታለች፤ የሚጾመውም እንዳይጎመጅ፣ የሚበላውም እንዳያፍር። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ የሚጾሙት ጥላ ሥር እንዲቀመጡ ይደረጋል። ይኼ የትም ደንብ ላይ አልተጻፈም። እኔ ትምህርት ቤቱን የወደድኩት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እህቴ፣ በዚህ ዘመን ትምህርት ቤት የምትመርጪው በእንግሊዝኛው ወይም በውጤቱ ብቻ አይደለም። ነገር በተበላሸ ቀን ልጅሽን ለማን እንደሚያስረክቡ እይ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ክልላችን የገባበትን ጦርነት ታውቂዋለሽ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተኩስ ተሰማ። መንገድ ተዘጋ፣ ባጃጅ ሁሉ ቆመ፣ ኢንተርኔት ቀድሞውንም የለም። ወላጅ በእግሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ። እኔም ስደርስ በሩ ዝግ ነው። በትንሿ መዝጊያ በኩል አንዲት ሲስተር (የካቶሊክ መነኩሲት) ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ ትልቅ ደብተር አለ። የተማሪው ስም፣ ተረካቢው፣ ፊርማ። አጎት ነኝ ያለውን ሰው ስሙ ደብተሩ ላይ ስለሌለ አልሰጡትም። ሰውየው ጮኸ፤ እሳቸው ረጋ ብለው «ይቆዩ፣ እናቱን እናግኝ» አሉት። የእናቲቱ ስልክ እስኪሠራ ልጁም አጎቱም እዚያው ቆዩ።

ውስጥ ገብቼ ልጆቼን ሳይ፣ መምህሮቹ ልጆቹን ከመስኮት አርቀው መሬት ላይ አስቀምጠዋቸው ተረት እየነገሯቸው ነበር። ትንሹ ልጄ «እማ፣ ገና አላለቀም» ብሎ አልነሳም አለኝ። ያን ቀን ማንም መምህር ቀድሞ ወደ ቤቱ አልሄደም። የሁሉም መምህሮች ልጆች እዚያ አልነበሩም እኮ። እነሱም እናትና አባት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ መቆራረጡ አልቀረም። ግማሽ ቀን የተማሩበት ሳምንት አለ፣ ቅዳሜ እየገቡ ያካካሱበትም አለ። ከገጠር የተፈናቀሉ ልጆችም መጥተው ገብተዋል። ደብተርና ዩኒፎርም ያሰባሰብነው ወላጆች ነን፤ ያለፈው ዓመት የልጆቻችን ዩኒፎርም ታጥቦ፣ ቁልፉ ተጠግኖ ተሰጣቸው። የማን ልጅ ለብሶት እንደነበር ለማንም አይነገርም።

ጉድለቱን ልደብቅሽ አልፈልግም። ክፍሎቹ ይጨናነቃሉ። ሜዳው ጠባብ ነው። እንግሊዝኛው ውድ ከሆኑት የግል ትምህርት ቤቶች ጋር አይወዳደርም። የክፍያ ጭማሪውን ዘግይተው ነገሩንና ስብሰባው ላይ ብዙ ወላጅ ተቆጥቷል፤ እኔም ተናግሬያለሁ። ደግሞ ከፍሎ ዞር የሚል ወላጅ አይወዱም። ለስብሰባ ከቀረሽ ልጅሽ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ በማግሥቱ አንቺ ራስሽ ካልሄድሽ ነገሩ አያልቅም። ሥራ የሚበዛበት ሰው ይኼን ቀድሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ስትመጪ ምዝገባ ቢሮ ከመግባትሽ በፊት ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት በሩ ላይ ቁሚ። ልጆቹን ማን እንደሚያወጣቸው፣ እንዴት እንደሚያናግሯቸው እይ። ተረካቢ ይመዘግቡ እንደሆነ ጠይቂ፤ ከራስሽ ሌላ ቢያንስ ሁለት ሰው አስመዝግቢ፣ አንዱ በእግር መድረስ የሚችል ጎረቤት ይሁን። የልደት ካርዱን፣ የ2ኛ ክፍል ካርዱንና መሸኛውን ከደብረ ታቦር ሳትነሺ ያዢ፤ መንገድ ሲዘጋ ተመልሶ ማምጣት ከባድ ነው። ቤት ለመከራየትም አትቸኩዪ። ትምህርት ቤቱን ምረጪና በእግር የሚደረስበት ሰፈር ፈልጊ። ባጃጅ በቆመ ቀን ያለሽ እግርሽ ብቻ ነው። የትኛው ሰፈር እንዳሰብሽ ከጻፍሽልኝ ኪራዩንም መንገዱንም የማውቀውን እነግርሻለሁ።