ለንደን የበላሁት ቁርጥ የእብድ ላም በሽታ አስይዞኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለንደን እኖራለሁ፤ በየበዓሉ ቁርጥ እበላለሁ። ከዓመት ወዲህ የሰው ስም ይጠፋኛል። የእብድ ላም በሽታ ይሆናል ብዬ ሥጋ ሁሉ አብዝቼ እቀቅላለሁ፤ ከጓደኛዬ የተረፈ ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክም ሁለት ሳምንት ወሰድኩ። ለሐኪም አልተናገርኩም።

መልስ፦ አእምሮዬን ላጣ ነው የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ እንደሚነሳ ይገባኛል። የጻፉልኝ ምልክት ግን የዚያን በሽታ አካሄድ አይመስልም። በሽታው በብሪታንያ 178 ሰው ገድሏል፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ከተጀመረ በኋላም በወራት ውስጥ ሰውን ከአልጋ ያውላል። ዓመት ሙሉ ሳይብስ የቆየ፣ ራስዎ የሚታዘቡት መርሳት በአብዛኛው የሚመጣው ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከጭንቀት፣ ከታይሮይድ ወይም ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው። እነዚህ ይታከማሉ።

ለሌላ ሰው የታዘዘ ኪኒን መዋጥና ዓመት ሙሉ ከሐኪም መደበቅ ግን ፈጽሞ ልክ አይደለም። የእብድ ላም በሽታን የሚያመጣው ፕሪዮን ባክቴሪያ አይደለም፤ ቫይረስም አይደለም። ዘረመል የሌለው፣ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ በአንጎል ያለውን ጤነኛ ፕሮቲን እንደ ራሱ ያበላሸዋል። አንቲባዮቲክ ምንም አያደርገውም።

መቀቀሉም እንደዚያው ነው። «ሚጥሚጣና አረቄ ያቃጥለዋል» የሚሉም አሉ፤ አያቃጥሉትም። መጥበስ፣ ማቀዝቀዝ፣ አልኮል፣ ፎርማሊን እንኳ አይበግሩትም። ሆስፒታሎች ለቀዶ ሕክምና መሣሪያ በ134 ዲግሪ የታመቀ እንፋሎት ለ18 ደቂቃ ይጠቀማሉ፤ ያም ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። የቤትዎ ድስት ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። እርስዎን የሚጠብቅዎት ቄራው ነው። ፕሪዮኑ በብዛት የሚከማቸው በከብቱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ስለሆነ፣ ብሪታንያ እነዚህን ከ1989 ጀምሮ ከሰው ምግብ አግዳለች፤ ከ1996 እስከ 2005 ደግሞ ከ30 ወር በላይ የሆናቸው ከብቶች ለምግብ እንዳይቀርቡ ከልክላ ነበር። ስለዚህ ቁጥጥር በሌለበት የታረደ በሬ ቅርጫ አይግቡ። መቀቀል የሚያድነው ከኮሶ ትልና ከሳልሞኔላ ነው፤ ለእነሱ ሲሉ ይቀቅሉ።

አንድ ነገር ብቻ በቸልታ አይለፉ። መርሳቱ በሳምንታት ውስጥ እየባሰ ከሄደ፣ አብሮም አካሄድዎ ከተንገዳገደ ወይም እጅ እግርዎ በድንገት ዘለል ዘለል ካለ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። እንዲህ የሚፈጥን መርሳት የሚያመጡ፣ ቶሎ ከተደረሰባቸው የሚድኑ በሽታዎች አሉ።

ይህ ከሌለ ዶክሲሳይክሊኑን ዳግም አይንኩት። በዚህ ሳምንት ጂፒዎን (የሠፈርዎን ሐኪም) ያግኙ፤ የታይሮይድ፣ የቢ12 እና የስኳር ምርመራ ይጠይቁ፤ የወሰዱትን ኪኒን ሁሉ፣ የእንቅልፍ መድኃኒትም ካለ፣ ሳይደብቁ ይንገሩ።