ጥያቄና መልስ፦ «እኅቴን ወደ ጠበል ልውሰዳት ወይስ ወደ ሐኪም ቤት?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉልኝ? ታናሽ እኅቴ ዐረብ አገር ሦስት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ቆይታ ከተመለሰች ሁለት ወር ሆኗታል። ከመጣች ጀምሮ ዝምተኛ ነበረች፤ አሁን ግን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም። ምግብ ስናቀርብላት «መርዝ አለበት» ትላለች፤ ማንም ሳይጠራት «አቤት» ትላለች፤ ትናንት ማታ ደግሞ «እኔ ብሞት ሁላችሁም ታርፋላችሁ» አለችን። እናቴ ጠበል እንውሰዳት ትላለች፤ ወንድሜ አማኑኤል ሆስፒታል ይላል። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «መድኃኒት ከጀመረች መንፈሱ ይደበቃል፤ ጠበሉም አይሠራላትም» ብላ እናቴን አስፈራራቻት። ወደ ሐኪም ብንወስዳት እምነት እንደማጉደል ይቆጠርብን ይሆን? ጠበልና መድኃኒትስ አብረው ይሄዳሉ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኅታችን፣ ጥያቄሽ እንደደረሰኝ ጥቅስ እስካገላብጥ ድረስ እንዳትቆዪ ብዬ «ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ ጠበሉ አያመልጣትም» የሚል አጭር መልእክት ልኬልሽ ነበር። አሁን በሰፊው የምጽፈው ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እናትሽ እንዲረዱት፣ ተመሳሳይ ጭንቅ በቤታቸው የገባባቸው ምእመናንም እንዲያነቡት ነው።

አንድ ሰው ለብዙ ቀናት እንቅልፍ ሲያጣ፣ እህል ውኃ እምቢ ሲል፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰማና ስለ መሞት ሲናገር ጉዳዩ ነገ ዛሬ የሚባልበት አይደለም፤ ምጥ እንደያዛት ሴት፣ ደም እንደሚፈስሰው ቁስለኛ ይዘነው የምንሮጥበት ነው። «ብሞት ታርፋላችሁ» የሚለውንም ቃል «ለማስፈራራት ነው» ብላችሁ አትለፉት። አጠገቧ ተቀምጠሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ የሚያስገባባት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የታፈነችው ሴት እንድትተነፍስ በር ይከፍትላታል እንጂ ሐሳቡን አይወልደውም። ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ ድረስ ለአፍታም ብቻዋን አትሁን፤ ሌሊቱን በየተራ አብራችኋት እደሩ፤ የአይጥ መርዙን፣ የተባይ መድኃኒቱን፣ በረኪናውን፣ ገመዱንና ስለቱን ሁሉ ከቤት አውጡ። ስለምትሰማው ድምፅ «ማንም አልጠራሽም» እያላችሁ አትከራከሯት፤ «አብረንሽ ነን» ማለት ይበቃል።

አዲስ አበባ ላላችሁት የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አለ፤ የቅዱስ ጳውሎስና የዘውዲቱ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፤ በክልል ያላችሁ ደግሞ እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ታገኙታላችሁ። እነዚህ ከራቁ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ርዳታ አድርገው ሪፈር ይጽፉላችኋል። መጓጓዣ ቢቸግር የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ስትሄዱ ታሪኳን የሚያውቅ አንድ ሰው አብሯት ይግባ፤ ሐኪሙ መቼ እንደጀመራት፣ እንቅልፏን፣ ከዚህ በፊት የወሰደችውን መድኃኒት፣ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗን ይጠይቃል፤ ኃይለኛ ትኩሳት፣ የራስ ቅል ጉዳት ወይም የእንቅርት ዕጢ መታወክ አእምሮን ሊያናጋ ስለሚችል የደም ምርመራም ሊያዝዝ ይችላል። ይህንን ማወቅ የሚቻለው በሐኪም ቤት እንጂ በጎረቤት ግምት አይደለም።

ወደ እምነቱ ጥያቄ ስንመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ርኩስ መንፈስ ሰውን እንደሚያስጨንቅ ታምናለች፤ እኔም ያንን ልክድ አልጻፍኩም። ነገር ግን ወንጌላዊው ማቴዎስ በአራተኛው ምዕራፍ ወደ ጌታ የመጡትን ድውያን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ በልዩ ልዩ ደዌ የተያዙትን ለብቻ፣ ሽባዎችንም ለብቻ ጠርቷል። ሕመም ሁሉ አጋንንት ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ባላስፈለገ ነበር። ነቢዩ ኤልያስ በኤልዛቤል ዛቻ ተሰብሮ ከክትክታ ዛፍ በታች ተጋድሞ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር በእምነተ ቢስነት አልወቀሰውም፤ መልአኩን ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶም ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው እንጂ ስለ ተስፋ መቁረጥ አልሰበከውም። ያ ታላቅ ነቢይ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው እንቅልፍና እህል ነበር፤ የእኅትሽም የዛሬ ጉድለት እርሱ ነው፤ ሐኪሙም በመጀመሪያው ቀን የሚፈልግላት እንቅልፍ ነው።

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። በዚያው ምዕራፍ ድውዩ ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይም፣ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ አዝዟል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው በመጽሐፉ የለም። ነቢዩ ኢሳይያስ ንጉሥ ሕዝቅያስ እንደሚድን ቃለ እግዚአብሔር ከነገረው በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዝዟል። ወንጌልን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር።

«መድኃኒት ከጀመረች መንፈሱ ይደበቃል» ላለችው ጎረቤታችሁ በትሕትና የምመልሰው፣ ሌጌዎንን በቃሉ ያወጣ ጌታ ክኒን ይከለክለዋል ብሎ ማመን ክብሩን ዝቅ ማድረግ መሆኑን ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ የነበሩ ብዙ ወገኖቻችን መድኃኒቱን ጥለው ነበር፤ ያን ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃረን በአደባባይ አስተማሩ። ለሥጋ ደዌ የተባለው ለአእምሮ ደዌ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም፤ አእምሮም የሚሠራበት አካል አለውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጠበል ቦታ ሳገለግል አንዲት እናት ከሰው ተለይታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ፣ የነጠላዋን ጫፍ ስትፈታ አየኋት። የልጇን ክኒን በነጠላዋ ቋጥራ ትዞር ነበር። አንዷን ፍሬ በእጇ ይዛ ልጇን በጠበል ታስውጠዋለች፤ ወዲያው ደግሞ የቀረውን ቋጥራ ከዓይን ትሰውራለች። ስታየኝ ደነገጠችና እያለቀሰች «አባቴ፣ በድያለሁ ወይ?» አለችኝ። ያን ቀን ያመመኝ ልጇ መድኃኒት መዋጡ አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መድኃኒት እንደ ሌብነት ተደብቆ መዋጡ ነው። በዚያው ቦታ አንድ የሚጥል በሽታ የነበረበት ወጣት «ጠበል ይበቃሃል» ተብሎ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ እንዳቆመ ሰምቼ ዝም ብዬ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ደጋግሞ ጣለውና እሳት ላይ ወደቀ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ በንስሐዬ ውስጥ አለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ እንደሚመለስ፣ ለሕይወትም እንደሚያሰጋ ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ጮኼ እከለክለው ነበር። ስለዚህ ማንም አጥማቂ፣ ማንም አስታማሚ፣ ማንም «ራእይ አየሁ» ባይ መድኃኒት አቋርጡ ቢላችሁ አትስሙ፤ መጠኑን የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ያዘዘው ሐኪም ነው።

ስለ ጾም ብዙዎች ስለሚጨነቁ ጥቂት ልጨምር። ጠዋት በባዶ ሆድ መጠመቅ የተለመደ ስለሆነ ክኒኑ ጾም ያስገድፋል ብለው የሚተዉ አሉ። ፍትሐ ነገሥታችን ድውያንን ከጾም ግዴታ ነጻ አድርጓቸዋል፤ የታመመ ሰው መድኃኒቱንና ከመድኃኒቱ ጋር የታዘዘለትን ምግብ ቢወስድ እንደ ገዳፊ አይቆጠርም። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ሐኪሙንም «ጠዋት የሚሰጣትን ወደ ማታ ማዞር ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለብዙዎቹ መድኃኒቶች ይቻላል፤ ለቅዱስ ቁርባን መቅረብም እንዲህ ሊመቻች ይችላል። ሊቲየም የሚባለው መድኃኒት ከታዘዘላት ግን ውኃ ሳይጠጡ ረጅም ሰዓት መዋል መድኃኒቱን በደም ውስጥ አከማችቶ ስለሚመርዝ የውኃ ጥማት ያለበት ጾም ለእርሷ ፈጽሞ አይፈቀድም። በወር አበባዋ ቀናት ወደ ጠበሉ ባትገባ እንኳ መድኃኒቱ ዕረፍት የለውም። ሲጀመር እንቅልፍ ቢበዛባት፣ እጇ ቢንቀጠቀጥ ወይም አንገቷ ቢገተር «አደነዘዛት» ብላችሁ አትጣሉት፤ ተመልሳችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ይለውጠዋል ወይም ማስተካከያ ይሰጣታል። ለድባቴ የሚሰጡት መድኃኒቶች ለውጣቸው እስኪታይ ሳምንታት እንደሚወስዱም ቀድማችሁ ዕወቁ።

ወንድምሽ «አማኑኤል» ሲል እናትሽ መደንገጣቸው ይገባኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ስሙ በከተማችን መሰዳደቢያ ሆኖ ብዙ ቤተሰብ በሌሊት ተሸፋፍኖ ይሄድበታል። የስሙን ትርጉም የምናውቅ እኛ ግን እንዲህ ልናፍርበት አይገባም፤ አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው።

መለስ ሲላት ወደ ጠበል ውሰዷት፤ ወድዳና ፈቅዳ ትጠመቅ። አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ፤ አትሰሯት። በየጠበሉ ቁርጭምጭሚታቸው በሰንሰለት ተልጦ ዝንብ የሚያርፍባቸው ወንድሞችና እኅቶች አይቻለሁ፤ የሚያስሯቸውም ጠልተዋቸው ሳይሆን ጨንቋቸው እንደሆነ አውቃለሁ። በጌርጌሴኖን የነበረውን ሰው በሰንሰለት ያሰሩት ሰዎች ናቸው፤ ጌታ ካገኘው በኋላ ግን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት፣ ተቀምጦ ተገኘ። መደብደብ፣ በጢስ ማፈን፣ እህል መከልከል ከጥምቀት ሥርዓት ውስጥ አይደሉም። ራሷን ወይም ሌላውን የምትጎዳ ሆና ካስቸገረች ያ ራሱ ወደ ሆስፒታል የምትመለስበት ምልክት ነው።

እናትሽ «በምን ኃጢአቴ ይሆን?» እያሉ እንደሚያለቅሱ እገምታለሁ። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ኃጢአት የሠራ ማን ነው፤ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ያንን ጥያቄ ዘግቶታል፤ ይህን አንብቢላቸው። እኅትሽም በሰው አገር ደመወዟ ተከልክሎ፣ በር ተቆልፎባት፣ ወይም ከዚያ የከፋ ተደርጎባት ሊሆን ይችላል። «ምን ሆነሽ ነው?» እያላችሁ አታስጨንቋት፤ ጎረቤት ተሰብስቦም አይመርምራት። የተደረገባት ግፍ የእርሷ ኃጢአት እንዳልሆነ ደጋግማችሁ ንገሯት፤ ሌላው በራሷ ጊዜ፣ ለሐኪሟም ሆነ ለንስሐ አባቷ ይነገራል። የንስሐ አባታችሁን ሆስፒታል ድረስ መጥተው ጸሎት እንዲያደርሱላት ጥሯቸው፤ ያቃታቸው እንደሆነ ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ እመጣለሁ።

የገባችበትን ክፍልና የክርስትና ስሟን ላኪልኝ፤ ከነገ ጀምሮ በኪዳኑም በቅዳሴውም ስሟ ይጠራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።