«6 ወጣ» ማለት ካንሰሩ ክፉ ነው ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከፒያሳ ነው። እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት እንቅርቷ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። በማግስቱ በተሠራው ሲቢሲ (የደም ሕዋስ ቆጠራ) ኒውትሮፊሏ 78፣ ሊምፎሳይቷ 13 በመቶ ነበር። አሁን ደግሞ የፓቶሎጂው (የወጣው እንቅርት ምርመራ) ውጤት «ፓፒላሪ ካንሰር» (አንድ የታይሮይድ፣ ማለትም እንቅርት የሚያብጥበት የአንገት ዕጢ፣ ካንሰር ዓይነት) አለ። ወንድሜ ስልኩ ላይ አንብቦ 78ን ለ13 አካፈለና «6 ነው፤ ከ3 ካለፈ መጥፎ ነው» አለን። ወረቀቱን ይዘን ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያልጠየቅነው ላብራቶሪ የለም። እንቅልፍ አጣን።

መልስ፦ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባችኋ! ወንድምዎ ሒሳቡን አልተሳሳተም። የተሳሳተው ቀኑን ነው።

ኒውትሮፊል ጉዳት ሲደርስ ቀድሞ የሚሮጥ ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ሊምፎሳይት ደግሞ ካንሰርን በመዋጋት ትልቅ ድርሻ አለው። የመጀመሪያው በዝቶ ሁለተኛው ሲያንስ ሰውነት ተቆጥቷል እንላለን። አንገት ተከፍቶ በማግስቱ ደም ሲወሰድ ይህ አንዱ ለሌላው ተካፍሎ የሚወጣው ቁጥር ባይጨምር ነበር የሚገርመኝ። በማደንዘዣ ጊዜ ለማቅለሽለሽ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም ብቻውን ከፍ ያደርገዋል። ጉንፋንም እንዲሁ።

ያነበበው ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። በታይሮይድና በአድሬናል (ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ) ካንሰር፣ እንዲሁም በቆሽትና በአንጀት ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች፣ ከሕክምና በፊት ቁጥሩ ከፍ ያለባቸው ታማሚዎች ውጤታቸው በአማካይ የከፋ ሆኖ ታይቷል። «በአማካይ» የምትለዋን ያስምሩባት። አብዛኞቹ ጥናቶች የቆየ ካርድ እየተገለበጠ የተሠሩ ናቸው፤ «ከዚህ ካለፈ» የሚሉት ቁጥርም ከጥናት ጥናት ይለያያል። እኛ አገር ደግሞ ፍጹም ጤነኛ ሆነው ኒውትሮፊላቸው በዘር ዝቅ የሚል ብዙዎች ናቸው። የሌላ አገር ድንበር እዚህ እንዳለ አይሠራም።

እኔ ብሆን የማነበው የፓቶሎጂውን ወረቀት ነው፦ ዕጢው ስንት ሴንቲሜትር ነው? ከታይሮይዱ ወጥቷል? የአንገት ንፍፊት ውስጥ ገብቷል? ዕድሜያቸው ከ55 በታች ስለሆነ፣ ሳንባ ወይም አጥንትን ወደመሰለ ሩቅ ቦታ ካልሄደ፣ ንፍፊት ውስጥ ቢገኝ እንኳ ደረጃ 1 ነው። ታይሮይዳቸው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከሆነ ክትትሉ በታይሮግሎቡሊን (የታይሮይድ ሕዋሳት የሚያመነጩት ፕሮቲን) የደም ምርመራና በአንገት አልትራሳውንድ ይሆናል።

6 የምትለዋ ከከነከነቻችሁ ቁስሉ ደህና አድርጎ ከዳነ በኋላ ሲቢሲውን ይድገሙት። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እናትዎን ይጠይቁልኝ፦ ከንፈራቸውን ወይም ጣታቸውን ይደነዝዛቸዋል? ከቀዶ ሕክምናው የተነሳ ካልሲየማቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል። አዎ ካሉ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።