ደም ዕድሜ አለው

ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በላቦራቶሪና በደም ባንክ ነው። ደም ለግሱ ስትባሉ ብዙዎቻችሁ «አንድ ቀን እሰጣለሁ» ትላላችሁ። ከልባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ደም ግን ቀን የሚቆጠርበት ነገር ነው።

እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለበት ቱቦ ደም ቀድታችሁ ብታቆሙት ቀዩ ይዘቅጣል፤ ከላይ ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል። ይህ ፕላዝማ ነው፤ ከደሙ ግማሽ የሚበልጠው እሱ ነው። አብዛኛው ውሃ ሲሆን ፕሮቲን፣ ጨውና ስኳር ይሸከማል። በሁለቱ መካከል ስስ ነጣ ያለች ሽፋን ትታያለች፤ ከበሽታ የሚከላከሉልን ነጭ የደም ሴሎችና ደም መፍሰስን የሚያስቆሙት ፕላትሌቶች እዚያ ናቸው።

እኔን ዛሬም የሚያስደንቀኝ ቀዩ ሴል ነው። መቅኒ ውስጥ ሲያድግ ኒውክለሱን፣ ማለትም የሴሉን ማዘዣ ማዕከል፣ አውጥቶ ይጥልና ውስጡን ሄሞግሎቢን በሚባለው ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲን ይሞላዋል። በአንዱ ሴል 270 ሚሊዮን ያህል የሄሞግሎቢን ሞለኪውሎች አሉ፤ እያንዳንዱም በያዘው ብረት አራት የኦክስጅን ሞለኪውሎችን ከሳንባ ይቀበላል። ሴሉ ኒውክለስ ስለሌለው ራሱን ማደስ አይችልም። ከራሱ በጠበቡ የደም ሥሮች እየተጣጠፈ ሲሾልክ ይኖርና 120 ቀን ገደማ ሲሞላው ጣፊያና ጉበት ያፈርሱታል። ብረቱ ግን አይባክንም፤ ወደ መቅኒ ተመልሶ ለአዲስ ሴል ይውላል። መቅኒም በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል ይተካል።

የፕላትሌት ዕድሜ ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። የደም ሥር ሲቆረጥ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት፤ ተጣብቃ ቀዳዳውን ትደፍናለች፣ የፕላዝማ ፕሮቲኖችም ያጠነክሯታል። ደም ባንክ ውስጥ በክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ እየተወዘወዘች ብዙውን ጊዜ 5 ቀን ብቻ ትቆያለች። ቀይ ሴል በማቀዝቀዣ ቢቀመጥም ከ35 እስከ 42 ቀን ነው።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ የዘመቻ ቀን ሺህ ሰው ተሰልፎ ቢለግስ፣ ከሁለት ወር በኋላ በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት ከዚያ ቀይ ሴል የሚተርፍላት የለም። የደም ካንሰር ያለበት ሕፃንማ ፕላትሌት የሚያገኘው በዚያው ሳምንት ሰው ከሰጠለት ነው። ፋብሪካ ሠርቶ የሚተካው ነገር አይደለም። ስለዚህ እባካችሁ፣ በዓል ወይም አደጋ ሳትጠብቁ በየሦስት ወሩ የመስጠት ልማድ ይኑራችሁ።

«ደሜ ያልቃል» የሚል ስጋት ካለ፣ ጎልማሳ ሰው አምስት ሊትር ያህል ደም አለው፤ ከረጢቱ የሚይዘው 450 ሚሊ ሊትር ነው። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል። ቀይ ሴሎቹ ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ሦስት ወር ጠብቁ የምንላችሁም ለዚህ ነው። እስከዚያው ምስር፣ ሽሮ፣ ሲገኝም ሥጋ ብሉ። ቡናና ሻይ ምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ።

በተለይ እናንተ ሴት ልጆቼ፣ በየወሩ ብረት ስለምታጡ ጣታችሁ ተወግቶ «ሄሞግሎቢንሽ ዝቅ ብሏል፣ ዛሬ አንወስድም» ልትባሉ ትችላላችሁ። አንገታቸውን ደፍተው የወጡ ብዙ አይቻለሁ፤ አንጀቴን ይበሉኛል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ደም ማነስ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊያደክም ይችላል፤ እናንተ ግን በጊዜ አወቃችሁት። በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ምክንያቱ ይፈለግ፣ የታዘዘላችሁን ጨርሱ፤ ሄሞግሎቢናችሁ ሲስተካከል ተመለሱ።