ጆሮዬን የከፈተልኝ የክራር መምህር

ሰላም ልጆች። ከሰላሳ ዓመት በላይ የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር ስጠግን ኖሬ በቅርቡ ጡረታ ወጥቻለሁ። አብረውኝ የሠሩ ወጣቶች ሁሌ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነበረች፤ «ጋሼ፣ ሞተሩን ሳይፈቱ ኩሽኔታው መበላቱን በምን ያውቃሉ?» ኩሽኔታ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ክፍል ነው። መልሴ ይገርማቸዋል። ክራር ያስተማሩኝ ሰው ናቸው ይህን የሰጡኝ።

ነገሩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ የቀበሌ ኪነት ዘመን። ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ ሁለት ልጆች ለሁለት ክራር አዳራሹ ውስጥ እንሰበሰባለን። እኛ ቶሎ ዘፈን መምታት አማረን። መምህራችን ጋሼ ግን አንድ ወር ሙሉ ያስቃኙን ነበር። ስድስቱን አውታር አላልተው «በል ቃኝ» ይላሉ። ቃኝተን ስንጨርስ መልሰው ያላሉታል። ከዚያ ፊታችንን ወደ ግድግዳ ያዞሩንና ክራሩን ይመታሉ፤ እኛ ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ በጆሮ ብቻ ለይተን እንናገራለን። ሲያቅተን አይቆጡም። «አልሰማህም እንጂ አልተሳሳትክም፣ እስቲ ደግመህ ስማ» ነበር የሚሉት።

አንድ ቀን ትዝታን ከሜጀር ወደ ማይነር ሲለውጡ አሳዩን። ከአምስቱ ድምፆች የነኩት ሁለቱን ብቻ ነው፤ ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረጉ፣ አለቀ። እጃቸው መንቀሳቀሱ እንኳ በቅጡ አይታይም። ያው ዜማ ግን አንጀት የሚበላ ሆኖ ቁጭ አለ። ትንሽ ነገር ሁሉን እንደሚለውጥ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ የበዓል ዝግጅት መጣ። አዳራሹ ጢም ብሏል። መሃል ላይ አንዷ አውታር ላላችብኝ፣ ደነገጥኩ፣ ሰው ሳቀ። ክራሩን ወንበር ላይ ትቼ ሮጬ ወጣሁ፤ ሁለት ቅዳሜም ቀረሁ። በሦስተኛው ጋሼ ራሳቸው ቤታችን መጡ። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ስለዚያ ቀን ቃል አልተነፈሱም። ክራሩን ከጋቢያቸው ስር አውጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡና «ቃኘው» አሉኝ። ቡናው በረካ እስኪደርስ ስቃኝ ቆየሁ።

ስለ ቅዱስ ያሬድ ሲወራ ሁላችንም የምናነሳው እየወደቀች ዛፉን የወጣችውን ትል ነው። እኔን ሁሌ የሚነኩኝ ግን አጎቱ መምህር ጌዴዎን ናቸው። ትምህርት አልገባ ብሎት ኮብልሎ የሄደው ልጅ ሲመለስ ይቅር ብለው እንደገና ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ባይቀበሉትስ ኖሮ?

እናንተ ስልካችሁ ላይ መቃኛ አፕ አላችሁ። ተጠቀሙበት፣ ክፋት የለውም። ግን መጀመሪያ በጆሯችሁ ሞክሩ፣ አፑን ለማረጋገጫ አድርጉት። ሥራ ላይም እንደዚሁ ነው፤ ማሽን አጠገብ ስትደርሱ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ቆማችሁ ስሙት። ጤነኛ ፓምፕ ወጥ የሆነ ድምፅ አለው። ኩሽኔታው ሲበላ ከስር የሚያጉረመርም ነገር ይገባበታል፤ የሚስበው ውሃ ሲያንሰው ደግሞ ጠጠር የሚያላምጥ ይመስላል። ይህንን መጽሐፍ ላይም አንብቤዋለሁ፣ የለየሁት ግን ያኔ ግድግዳ ፊት ቆሜ በተማርኩት ጆሮ ነው።

አንዳንዶቻችሁ አሁን አለቃ ሆናችኋል። ሥር ያለ ልጅ አበላሽቶ ሲጠፋባችሁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት እባካችሁ ሄዳችሁ ፈልጉት። የሠራውን ያውቀዋል፣ መንገር አያስፈልገውም። ሥራውን እጁ ላይ መልሱለት።

ያስተማሯችሁ ሰው በሕይወት ካሉ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ጠይቋቸው። እኔ ለፋሲካ ጋሼ ጋ ሄጄ ነበር። ጆሯቸው ደክሟል፣ ካልጮኹላቸው አይሰሙም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አሮጌውን ክራር አውርጄ ትንሽ መታሁላቸው። ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ቀንበሩ ላይ አስደገፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አንዷን አውታር በጣታቸው ነኩ።

«ይቺ ላልታለች» አሉኝ።

ላልታ ነበር።