ጄሶ ከተፈታ በኋላ ተጨብጦ ስለቀረ እጅ

እህቴ፣ ወንድምሽ ከሞተር ወድቆ ክንዱ ከተሰበረ በኋላ፣ ጄሶው ሲፈታ ጣቶቹ ተጨብጠው መቅረታቸውን አነበብኩ። ኤምአርአዩ ደህና ስለሆነ «እያስመሰለ ይሆን?» ብለሻል። ስለ እሱ ሐኪሙ ይወስን፤ እኔ ግን እንዲህ ተብዬ ስለነበር በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ።

2011 ዓ.ም. ላይ ደረጃ ስወርድ ቁርጭምጭሚቴን ወለም አለኝ። አጥንቴ አልተነካም። በሦስተኛው ሳምንት ግን እግሬ ወደ ውስጥ ዞሮ ቀረ። ቆዳው መልኩ ይለዋወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ነጠላ እንኳ ሲነካው ያቃጥለኛል። ወጌሻው ሊያቃናው ጎተተው። ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ «ቀጥ እንዲል» ብሎ ለስድስት ሳምንት ጄሶ አሰረልኝ፤ ሲፈታ ብሶ አገኘሁት። አደራሽን፣ የነርቭ ሐኪም ሳያየው ዳግም ጄሶ እንዳይታሰር፣ ጣቶቹንም በግድ አትዘርጉ።

በኋላ ያየኝ የነርቭ ሐኪም ዲስቶኒያ ነው አለኝ፤ ጡንቻ ሳናዘው እየተኮማተረ አካልን የሚያጣምም ሕመም ነው። አጥንትና ጡንቻዬ ደህና ሆነው ሳለ፣ አንጎሌ እግሬን የሚያዝበት መንገድ ተዛብቷል፤ ኤምአርአይ ደግሞ የአካሉን ቅርጽ ስለሚያሳይ የአሠራር መዛባትን ላያወጣው ይችላል። ከእጅና እግር ጉዳት በኋላ የሚመጣውን ዲስቶኒያ ምን ብለው እንደሚጠሩት ሐኪሞች ራሳቸው ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ «ፈንክሽናል» (የአሠራር መዛባት) ይሉታል፤ ውሸት ነው ማለታቸው አይደለም።

የተኮማተረ ጡንቻን የሚያላላው የቦቱሊነም መርፌ ሦስት ወር ገደማ ይሠራል፤ ለእኔ ብዙም አልጠቀመኝም። የጠቀመኝ ፊዚዮቴራፒ ነው። ባለሙያዋ መጀመሪያ እግሬን አልነካችም። መስታወት አቁማ የደህነኛውን እግሬን ምስል እያየሁ እንዳንቀሳቅስ አደረገችኝ። አንድ ቀን «እስቲ ወደ ኋላ ተራመጂ» አለችኝ። ለወራት የዞረው እግሬ ተቃንቶ መሬት ረገጠ! እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ወደ ፊት በደንብ ለመራመድ ስምንት ወር ፈጀብኝ፤ ዛሬም ሲደክመኝ ይጎትተኛል።

ለሐኪሙ ሁለት ነገር ሳትነግሪ እንዳትወጪ። ሲወድቅ ጭንቅላቱን ተመቶ ነበር? የጭንቅላት ጉዳት የሚያመጣው ዲስቶኒያ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊከሰት ይችላል። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠውን ፕላሲል ወይም የአእምሮ መድኃኒትስ ወስዷል? እነዚህም ጡንቻን ሊያኮማትሩ ይችላሉ። እጁን ነቅቶም ተኝቶም ሳለ በስልክ ቅረጪው፤ ሐኪሙ ልዩነቱን ማየት ይፈልጋል።

እስከዚያው ጥፍሮቹን በአጭሩ ቁረጡለት፤ ከቻለ ለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጨብጡት፣ መዳፉ እንዳይቆስል።